ጭራዋን የምትቆላው ቤት

ሥራዬ መኪና ማቆም ነው። ይህን ስል የሚስቅ ሰው አለ፤ ይሳቅ። ላስ ቬጋስ ውስጥ አንድ ትልቅ ሆቴል በር ላይ ቆሜ፣ እንግዳ ሲመጣ ቁልፉን ተቀብዬ መኪናውን አቆማለሁ፤ ሲወጣ ደግሞ አምጥቼ እሰጠዋለሁ። አስራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ስሙን በወጉ መጥራት የማልችለውን የጣሊያን መኪና ሁሉ መሪውን በሁለት ጣት ይዤ፣ በስፖኪዮ ብቻ እያየሁ፣ በሁለት ምሰሶ መሀል ሻጥ አድርጌዋለሁ። አንድ ጭረት አድርሼ አላውቅም። አብረውኝ የሚሠሩት «መርፌ» ነው የሚሉኝ፤ በየቀዳዳው ይገባል ለማለት።

ይህን ያነሳሁት ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ዋናው ምክንያት ግን ከዚህ በታች የማወራችሁን ውርደት ስትሰሙ «ድሮስ መንዳት መች ያውቃል» እንዳትሉኝ ብዬ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በባለቤቴ በጽጌ እንቅልፍ ነው። ጽጌ እዚሁ ከተማ፣ ሌላ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። በቀን አስራ አምስት ክፍል። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተኩል ላይ ትነሳለች። ችግሩ በእረፍት ቀኗም አስር ሰዓት ተኩል ላይ ትነሳለች። ዓይኗ በራሱ ጊዜ ይከፈትና ጣራውን ሲያይ ያነጋል። ባለፈው ዓመት እንቅልፏን እንድትጠግብ ብዬ ሳን ዲዬጎ ወሰድኳትና ባሕሩ አጠገብ ያለ ሆቴል ገባን። ጠዋት ስነቃ አጠገቤ የለችም። ብነሳ ሻወር ቤቱ ውስጥ ተንበርክካ ታጥባለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ጥጉን ረስተውታል» አለችኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ከመውጣታችን በፊት አንሶላውን ገፍፋ፣ ፎጣዎቹን ቆጥራ በሩ ሥር ደረደረችላቸው። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ «ሁለተኛ ሆቴል እንዳትወስደኝ» አለች። «ያለ ክፍያ ሺፍት የገባሁ ነው የሚመስለኝ።»

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ከገባ አይወጣም። ሆቴል ካልሆነላት ቤት ይዘን እንሄዳለና! በመኪና የሚጎተት ቤት። አገር ቤት የከባድ መኪና ሾፌሮች ተሳቢ የሚሉት ዓይነት ሆኖ፣ ውስጡ ግን አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና ሽንት ቤት ያለው። አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው የራሳቸውን ሊሸጡ ማስታወቂያ አውጥተው አገኘሁና ሄድኩ። ነጭ ናት፤ ጎኗ ላይ ሰማያዊ መስመር አለባት። ሽማግሌው የቤተሰብ መኪናዬን ዞር ዞር ብለው አዩና «ስንት ይጎትታል?» አሉኝ።

«አምስት ሺህ ፓውንድ» አልኳቸው። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ አይቻለሁ።

«እሷ ባዶዋን ከአራት ሺህ በታች ናት። ግን ተጠንቀቅ፤ ባዶዋን የሚጎትት ሰው አይቼ አላውቅም» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁላቸው።

ከዚያ መጎተቻውን ጋራዥ አስገጠምኩ። ከመሪው ሥር ደግሞ ከክብሪት ሳጥን ተለቅ የምትል፣ የተሳቢዋን ፍሬን የምታዝ አንዲት ሣጥን አስገጠምኩ። ሜካኒኩ ስለ ሣጥኗ ረጅም ማብራሪያ ሰጠኝ። እኔ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ስለማገዶ ከሰል አስብ ነበር።

ልጃችን ሊዲያ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች፣ ዳውንታውን አንድ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ። ተሳቢዋ በራችን ላይ ስትቆም መጥታ ስልኳን አውጥታ ማንበብ ጀመረች።

«አባ፣ አምስት ሺው እኮ ማክሲመም ነው» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«ማክሲመም ማለት ጎል አይደለም፣ አባ።»

«አውቃለሁ አልኩሽ።»

«በሩ ላይ ስቲከር አለ። ሰው፣ ዕቃ፣ ትሬይለሩ መኪናው ላይ የሚያደርገው ክብደት፣ ሁሉም ይቆጠራል እዛ ውስጥ። ቼክ አድርገሃል?»

«አድርጌያለሁ።»

አላደረግሁም። አስራ ሁለት ዓመት የሰው መኪና በር ከፍቼ ዘግቻለሁ፤ ያ ስቲከር አንድም ቀን ዓይኔ ገብቶ አያውቅም።

በረጋ መንፈስ የምለማመድበት ጊዜ ቢኖረኝ ጥሩ ነበር። ነገር ግን አሊያንቴ፣ የእኛ ሰፈር፣ ደንብ ያለበት ሰፈር ነው፤ ተሳቢ በር ላይ ከአንድ ቀን በላይ አያድርም። ስለዚህ ረቡዕ በሰው አስመጥቼ፣ ረቡዕ ማታ ጭኜ፣ ሐሙስ ጠዋት መውጣት አለብኝ። ጉዞው ወደ ዩታ ነው፤ ሴዳር ሲቲን አልፎ ተራራ ላይ፣ ጥድ መሀል ያለ የካምፕ ሥፍራ። ቦታውን በስልኳ የያዘችልን ሊዲያ ናት።

አጫጫኔን ላውጋችሁ። በመጀመሪያ የውሃ ታንከሯን ጢም አድርጌ ሞላሁ። የምንሄድበት ቦታ ቧንቧ እንዳለው አውቃለሁ፤ ግን በረሃ መሀል የሚኖር ሰው ቧንቧ አለ ስላሉት ብቻ አያምንም። ቀጥሎ ስድስት ካርቶን የታሸገ ውሃ፤ ታንከሩን ካላመንኩትስ? ጄኔሬተር። ሁለት ከረጢት ከሰል። የብረት መጥበሻ፣ ሽንኩርት በጆንያ፣ የጽጌ ትልቁ ድስት፣ አራት የሚታጠፍ ወንበር ለሁለት ሰው። ይህን ሁሉ ከኋላ፣ አልጋው ሥር ባለው ሰፊ ዕቃ ማስቀመጫ ጠቀጠቅሁት። በሩ የሚከፈተው ከኋላ ስለሆነ ለማውረድ ይመቻል ብዬ ነው። ፊት ለፊት ያስቀመጥኩት ነገር ቢኖር የጽጌ ነጠላ ጫማ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ወጣን። ገና ከግቢያችን ስጠመዘዝ የመጀመሪያውን ትምህርት ተማርኩ፦ መኪናው ባለፈበት ተሳቢዋ አታልፍም፤ ጠርዙን ትቆርጣለች። ቀኑ ቆሻሻ የሚወሰድበት ነበርና የጎረቤታችን ሦስት የቆሻሻ በርሜሎች ተራ በተራ ተጋደሙ። ወርጄ አነሳኋቸው፣ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ተሳፈርኩ። አራት ሜትር ሄጄ ሜካኒኩ ስለ ሣጥኗ የነገረኝን ልሞክር ብዬ ፍሬን ስይዝ ተሳቢዋ መኪናውን ከኋላ ሸብ አድርጋ ነቀነቀችን። «ምንድነው ይሄ!» አለች ጽጌ። ሣጥኗ ላይ ያለውን ቁልፍ እስኪቆም ድረስ ወደ ግራ አዞርኩት። መነቅነቁ ቆመ። በራሴ ኮራሁ።

ከከተማው እስክንወጣ ሁሉም ሰላም ነበር። መኪናው ዳገቱን እያቃሰተ ጨረሰልንና ቁልቁለቱን ጀመርን። ስልሳ ስምንት ማይል ላይ ነኝ። ረጅም የጭነት መኪና በግራችን አለፈን። ነፋሱ መጀመሪያ ገፋን፣ ቀጥሎ ሳበን። በቀኝ ስፖኪዮ ሳይ ቤቴ ታየችኝ። በግራ ስፖኪዮ ሳይም ታየችኝ። እንደገና በቀኝ።

«ምንድነው የሚያወዛውዘን?» አለች ጽጌ።

«ነፋስ ነው።»

«ነፋሱ እኛን ብቻ ነው እንዴ የሚያውቀው? ሌላው ሰው እኮ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው።»

ተሳቢዋ ጌታውን እንዳየ ውሻ ጭራዋን ትቆላለች። ደስታዋ እየጨመረ ሄደ። እሷ ወደ ቀኝ ስትል መሪውን ወደ ግራ፣ ወደ ግራ ስትል ወደ ቀኝ እያልኩ አግዛት ጀመር። ባሰባት። ከዚያ ማንም ሰው ሲደነግጥ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ፍሬኑን በሙሉ እግሬ ረገጥኩት። መኪናው ሊቆም ፈለገ፤ ቤቴ ግን ጉዞዋን መቀጠል ፈለገች፤ ለመቀጠል ደግሞ መንገድ ላይ ያለነው እኛ ነን። የመኪናችን ኋላ ወደ ጎን ሲሸሽ ተሰማኝ። ጽጌ የበሩን እጀታ በሁለት እጇ ይዛ «እመቤቴ፣ ልጄን» አለች። «አድኚኝ» አላለችም። «ልጄን» ነው ያለችው። ያ ቃል እስካሁን ሆዴ ውስጥ አለ።

እግሬ በድንጋጤ ከሁለቱም ፔዳል ላይ ተነሳ። በኋላ እንደተነገረኝ፣ በዚያ ጠዋት ከሠራሁት ሁሉ ትክክለኛው ይኸው አንዱ ነበር። ፍጥነታችን እየቀነሰ፣ ጭራዋም እየደከማት መጣና ተስተካከለች። አራቱንም ፍሬቻ አብርቼ በሰው እግር ፍጥነት እየተሳብኩ የሚቀጥለው መውጫ ላይ ወጣሁ። ከባድ መኪናዎች የሚያርፉበት ሰፊ ማደያ አለ፤ ጥጉ ላይ ቆምኩ።

ጽጌ ወርዳ የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ቢያንስ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቀና አለችና፦

«ሆቴል እንሂድ» አለችኝ።

ከዚህ የበለጠ ምን ይመጣል? ሴትየዋ ሻወር ቤት ተንበርክካ ማጠብን መረጠች፤ ከእኔ ጋር ከመሄድ። ያኔ ነው ውስጤ እልህ የገባው። በመኪናው አይደለም፤ በራሴ ነው የተናደድኩት። ይህን ነገር በትክክል የሚያውቅ ሰው አለ፣ ያን ሰው እጠይቃለሁ፣ የሚለኝን ሁሉ አደርጋለሁ፣ ከዚያ ጽጌ እንቢ ካለች ብቻ እመለሳለሁ አልኩ።

የሚያውቀው ሰው ጋሼ ወርቁ ናቸው። ገና በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥተው እዚህ የመጡ፣ ከመምጣታቸው በፊት የአሰብን መንገድ በተሳቢ የተመላለሱ፣ እዚህም ጡረታ እስኪወጡ ረጅሙን የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። አሁን ከከተማው ደቡብ፣ ፈረንጆቹ «አንተም» በሚሉት ኮረብታማ ሰፈር፣ አትክልታቸውን እያጠጡ ይኖራሉ። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሁሌም «መርፌው እንዴት ነህ?» ይሉኛል። ደወልኩላቸውና የሆነውን ነገርኳቸው።

«ጽጌ ደህና ናት?» አሉኝ።

«ደህና ናት፣ ጋሼ።»

«አንድም ነገር እንዳትነካ። መጣሁ።»

ፒክአፓቸውን እየነዱ ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ደረሱ። ጽጌን ግንባሯን ስመው ውሃ ሰጧት። እኔን ዘለሉኝ። ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ተሳቢዋን አንድ ጊዜ ዞሯት። የኋላውን ዕቃ ማስቀመጫ ከፈቱ። የሽንኩርቱ ጆንያ እግራቸው ላይ ወደቀ።

«ይሄን ማነው የጫነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

«ተመስገን። እንዲህ የሚጭን ሁለት ሰው አንድ ቤት ውስጥ የለም ማለት ነው።»

ከዚያ የተሳቢዋን አፍንጫ፣ መኪናው ላይ የምታርፍበትን ብረት በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። «እየው፤ ኋላዋ ሲከብድ ይሄ አፍንጫዋ ይቀላል። የቀለለ አፍንጫ መኪናህን ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ያኔ የምትመራው አንተ አይደለህም፣ ጭራዋ ነው። ከጠቅላላው ክብደቷ ከአስር እጅ አንዱ፣ ትንሽም አለፍ ቢል፣ እዚህ ላይ ይረፍ። ግን ሁሉንም ደግሞ ወደ ፊት አግተህ የመኪናህን ቂጥ መሬት እንዳታስነካው፤ የፊት ጎማህ ይቀልልህና መሪህ ወሬ ብቻ ይሆናል። ከባድ ዕቃ የት ይሁን? ጎማዋ ላይ፣ ከጎማዋ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ወደ ፊት፣ ወለሉ ላይ። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«ድገመው።»

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። እንደ ተማሪ ቆሜ ደገምኩት። አጠገባችን ነዳጅ የሚቀዳ ሰው ቋንቋውን ባይሰማም ነገሩ ገብቶት ፈገግ አለ።

ማደያው የከባድ መኪና ሚዛን ነበረው። ጋሼ ወርቁ ሚዛኑ ላይ አወጡን። የወጣውን ወረቀት ለራሳቸው አነበቡና ሰጡኝ። ተሳቢዋ ብቻዋን አምስት ሺህ ሦስት መቶ። አምስት ሺህ ይጎትታል የተባለ መኪና፣ በሊዲያ አነጋገር፣ ከጎሉም አልፎ ሄዷል። ዞር ብዬ የመኪናዬን በር ከፈትኩና ያን ስቲከር አነበብኩት። ልጄ ያለችው ሁሉ ተጽፏል። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁ።

ከዚያ ማውረድ ሆነ። የታንከሩን ውሃ ከፍተን ሜዳ ላይ ለቀቅነው፤ ከሁሉም በላይ ያ ውሃ አሸዋው ውስጥ ሲሰምጥ ነው ያንገበገበኝ። የታሸገው ውሃ፣ ጄኔሬተሩ፣ ከሰሉ፣ የሽንኩርቱ ጆንያ ወደ ጋሼ ፒክአፕ ሄዱ። ትልቁ ድስት ጋ ስንደርስ ጽጌ ከተቀመጠችበት ተነስታ «እሱስ ለምን መጣ? ስንት ሰው ነው የምቀልበው?» አለች። እዚህ ከቆምን ጀምሮ የተናገረችው ረጅሙ ንግግር ነውና ደስ አለኝ። የቀረውን ከጎማዋ ፈቀቅ ብሎ ወደ ፊት፣ ወለሉ ላይ ደለደልነው፣ በገመድ አሰርነው፣ ሚዛን ላይ ተመለስን። አራት ሺህ አራት መቶ።

«አሁን ቤት ሆነች» አሉ ጋሼ። ቀጥለው መኪናዬ ውስጥ ገብተው ከመሪው ሥር ያለችውን ሣጥን ጎንበስ ብለው አዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጧል።

«ይሄ ዜሮ ላይ ነው።»

«ስይዝ ሲነቀንቀኝ ጊዜ ወደ ግራ አዞርኩት፣ ጋሼ።»

«የተሳቢዋን ፍሬን አጥፍተህ ነው ሚስትህን ይዘህ የወጣኸው?»

ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉት። ጽጌ አየችኝ። አስተያየቷን አልገልጸውም፤ የእኔና የእሷ ጉዳይ ሆኖ ይቅር።

የቀረውን ሰዓት ባዶው ሜዳ ላይ አሰለጠኑኝ። ቀስ ብዬ ነድቼ ፍሬን ስይዝ፣ ሣጥኗን ደረጃ በደረጃ እየጨመሩ፣ ተሳቢዋ ሳትገፋንና ሳትነቀንቀን አብራን የምትቆምበትን ልክ አገኙላት። ሣጥኗ ላይ ደግሞ በጣት የምትገፋ አንዲት ዘንግ አለች፤ እሷን ስትገፋ የተሳቢዋ ፍሬን ብቻ ይይዛል። «ጭራዋን መቁላት ከጀመረች» አሉኝ፣ «ነዳጁን ልቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ አትከራከራት፣ ይቺን ቀስ ብለህ ግፋ። የእግር ፍሬን አትንካ። ከሃምሳ አምስት አትለፍ። ሰው ጥሩምባ ቢነፋብህ ይንፋ።» ደግሜ ነገርኳቸው፤ ሳይጠይቁኝ።

መሄድ አለመሄዱ ግን የእኔ ውሳኔ አልነበረም። ጽጌ መጥታ ፊታቸው ቆመች።

«ጋሼ ወርቁ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እርስዎ ቢሆኑ አሁን ባለቤትዎን፣ እትዬ ዘነበችን ይዘው ይሄዳሉ?»

ሽማግሌው መጀመሪያ ወደ ተሳቢዋ ዞሩ። ጎንበስ ብለው የመጎተቻውን ቁልፍ ሳቡት፣ ሰንሰለቶቹን አዩ፣ ጎማዎቹን በእጃቸው ዳሰሱ።

«ጠዋት በነበረው አጫጫን ውሻም አላሳፍርም» አሏት። «አሁን ግን እሄዳለሁ። ከሃምሳ አምስት ካለፈ ደውዪልኝ።»

ጽጌ ገባችና ቀበቶዋን አሰረች። ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ዓይኗን ከፍጥነት መለኪያው ላይ ሳትነቅል ሄድን።

በሃምሳ አምስት ማይል የሚነዳ ሰው ዓለምን አዲስ አድርጎ ያያል። ሁሉም አለፈን። ጀልባ የጎተተ አለፈን። የጡረተኞች አውቶቡስ አለፈን፤ አንዲት ሴትዮ በመስኮት በሀዘኔታ እጃቸውን አወዛወዙልን። አሪዞናን ቆርጦ የሚያልፈው ገደላማው ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ ነፋሱ ከድንጋዩ መሀል ወጥቶ ተቀበለን፤ ተሳቢዋም ጭራዋን አንድ ጊዜ ሞከር አደረገች። የጽጌ እጅ ወደ በሩ ሄደ። ነዳጁን ለቀቅሁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፣ ዘንጓን በጣቴ ቀስ ብዬ ገፋኋት። እንደ ተቆጡት ልጅ ቀጥ አለች።

«ምን አደረግካት?» አለች ጽጌ።

«ምንም። አልተከራከርኳትም።»

እጇ ከበሩ ላይ ተነስቶ ጭኗ ላይ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አንድ ብርቱካን ልጣ ግማሹን አጎረሰችኝ። ተስፋ እንዳለኝ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ካምፑ ስንደርስ ፀሐይ ገና ጥዱ አናት ላይ ነበረች። ቦታችን ስንት ቁጥር እንደሆነ ረስቼ ሊዲያ ጋ ደወልኩ። የተራራው መስመር ይቆራረጣል። «ፎርቲን» ስትለኝ ሰማሁ። አስራ አራት። አስራ አራት ቁጥር በሁለት ጥድ መሀል ያለች ጠባብ ቦታ ናት፤ በሪቨርስ ካልሆነ አትገባም።

በሪቨርስ! ይሄማ ሥራዬ ነው ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

ተሳቢ ወደ ኋላ ሲነዱት መሪውን ወደ ግራ ካዞሩ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ይህን አውቃለሁ፤ ሰምቻለሁ። እጄ ግን አስራ ሁለት ዓመት የለመደውን ነው የሚያውቀው። አንደኛው ሙከራ ወደ ጥዱ። ሁለተኛው ወደ ሌላኛው ጥድ። ሦስተኛው ላይ ተሳቢዋ ታጥፋ በመስኮቴ በኩል አየችኝ። ጽጌ ከኋላ ቆማ ትመራኛለች።

«ወደ ግራ!»

«የማን ግራ?»

«የእኔ!»

«አንቺ ወዴት ዞረሽ ነው የቆምሽው?»

«ወደ አንተ!»

«እንግዲያስ የእኔ ቀኝ ነው!»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንተ አይደለህ የምትነዳው!»

ከማዶ ያሉ ባልና ሚስት ጡረተኞች እሳታቸውን ከበው ተቀምጠው ነበር። በስድስተኛው ሙከራ ወንበራቸውን ወደ እኛ አዞሩ። በዘጠነኛው ሌሎች ሁለት መጥተው ተቀላቀሏቸው። አንድ ጢማም ሰውዬ መጥቶ «እኔ ላስገባልህ?» አለኝ በትህትና። አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም አልኩት። ላብ ጀርባዬን ያርሰዋል። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብኝ። በአስራ ሰባተኛው ሙከራ ተሳቢዋ ትንሽ ዘመም ብላ፣ ግን ሁለቱንም ጥድ ሳትነካ ገባች። ተመልካቹ አጨበጨበ። ሰውዬው ፊሽካ ነፋ። ወርጄ እጅ ነሳኋቸው፤ ሌላ ምን ይደረጋል?

ሽንኩርቱ ሁሉ ጋሼ ፒክአፕ ውስጥ ስለሄደ ያለ ሽንኩርት እንቁላል በላን። ጽጌ ገና እንደበላች ጋደም አለች።

ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተኩል ላይ የነቃሁት እኔ ነኝ። እሷ አልነቃችም። አስራ አንድ፣ አስራ ሁለት፣ አንድ ሰዓት ሆነ። አፏን ትንሽ ከፍታ፣ አንድ እጇን ትራሱ ሥር ከታ ተኝታለች። ወንበር ይዤ ውጭ ወጣሁና በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ውሻ ይዞ የሚያልፍ ሰው ሲመጣ ጣቴን አፌ ላይ አደርጋለሁ።

ሦስት ሰዓት ላይ የካምፑ ተቆጣጣሪ፣ ሸበቶ ፀጉር ያላት ረዘም ያለች ሴት፣ ወረቀት ይዛ መጣች። ስሜን ጠየቀችኝ፣ ወረቀቱን አየች፣ እንደገና አየች።

«የእናንተ ቦታ ፎርቲ ነው» አለችኝ። አርባ።

«ፎርቲን አይደለም?»

«ፎርቲ። ልጅህ ናት የያዘችው፤ ማስታወሻም ጽፋለች። በአንድ በኩል ገብተው በሌላው የሚወጡበት ይሁንልን፣ አባቴ ሪቨርስ ማድረግ የለበትም ብላለች።»

ወንበሬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሴትየዋ የትናንቱን ሳትሰማ አልቀረችም፤ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነክሳለች። የአስራ አራት ቁጥር ባለቤቶች ከሰዓት እንደሚመጡና አሁን መልቀቅ እንዳለብኝ ነገረችኝ።

«ባለቤቴ ተኝታለች» አልኳት። «ተሳቢ ሲንቀሳቀስ ውስጡ ሰው አይሆንም። ላነሳት ደግሞ አልችልም። ሆቴል ነው የምታጸዳው፤ እስከዚህ ሰዓት ስትተኛ ካየኋት ስንት ዓመቴ ነው። ከነቃች በኋላ እንኳን አርባ ቁጥር፣ ካሊፎርኒያ ድረስ በይኝ እሄዳለሁ። እስከዚያ ግን አልነቃነቅም።»

ድምጼን ዝቅ አድርጌ ነው ያልኩት፤ ግን የማልነቃነቅ መሆኔ ሳይገባት አልቀረም። የተጋረደውን መስኮት አየች። ሰዓቷን አየች።

«እስከ እኩለ ቀን» አለችኝ፤ በእግሯ ጣት እየረገጠች ሄደች።

ጽጌ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ፀጉሯ ተበትኖ በሩ ላይ ብቅ አለች። «ስንት ሰዓት ነው?» አለች። ስነግራት አላመነችኝም፤ ስልኳን አምጥታ አየች። ከዚያ የአርባ ቁጥሩን ነገር አወራኋት። መጀመሪያ ስልኳን አስቀመጠች። ቀጥላ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ። «አስራ ሰባት ጊዜ!» ትላለች፣ ትስቃለች። «ሊዲያዬ፣ የእኔ ልጅ!» ትላለች፣ እንደገና ትስቃለች።

ተሳቢዋን አያይዤ፣ ሰንሰለቱን፣ ቁልፉን፣ ሣጥኗን አይቼ ተነሳን። አርባ ቁጥር ሰፊ ነው፤ በግራ ገብቶ በቀኝ ይወጣል፤ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ያስገባታል። መግቢያው ጋ ደረስኩ። አልገባሁም። ሆን ብዬ አለፍኩት፤ መውጫውን ጥቂት አልፌ ቆምኩ።

«ምነው?» አለች ጽጌ።

«ውረጂና ከኋላ ቁሚልኝ።»

ገባት። ወርዳ፣ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች፣ በግራው ስፖኪዮ የማያት ቦታ ሄዳ ቆመች። ዛሬ ግራና ቀኝ የሚባል ነገር አልነበረም፤ እጇን ብቻ አነሳች። መሪውን ከታች፣ መሀሉ ላይ ያዝኩት፤ እጄ በሄደበት ተሳቢዋም እንደምትሄድ ትናንት አስራ ስድስተኛው ሙከራ ላይ ደርሼበታለሁ። የመጀመሪያው ጠመመ። ሁለተኛው ትንሽ ጠመመ። በሦስተኛው ቤቲቱ ቀስ ብላ፣ ቀጥ ብላ፣ መሀሉን ይዛ ገባች።

ዙሪያዬን አየሁ። የትናንቱ ተመልካች አንድም የለም፤ ሁሉም ከካምፑ በታች ወዳለው ሐይቅ ወርዷል። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። ጢማሙ ሰውዬ የለም። ተቆጣጣሪዋ የለችም።

ጽጌ መጥታ የተከፈተው መስኮት ላይ ክንዷን አስደገፈች፤ ጎንበስ ብላ የኋላውን ጎማ፣ ቀና ብላ ደግሞ እኔን አየች።

«ገብታለች» አለችኝ። «ሞተሩን አጥፋው በቃ፤ ርቦኛል።»